እማዬን አየርላንድ ልወስዳት ነው፤ በቡድን ወይስ በኪራይ መኪና?

«የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 14፣ ወንዱ 9 ዓመቱ ነው። እናቴ 71 ሞልቷታል፣ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። በ2016 ከአዲስ አበባ ስትመጣ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ ደብሊን አርፎ ነበር። ተሳፋሪ አይወርድም። ጎህ ሲቀድ በመስኮት አረንጓዴ ሜዳ አየች፤ ግማሹን ክንፉ ከለላት። ይኸው እስከ ዛሬ ‹ያቺን ለምለም አገር ሳላያት› ትላለች። በ2027 ሰመር ልንወስዳት ቆርጠናል። እኔ የ12 ቀን የቡድን ጉብኝት አግኝቻለሁ፤ ሰሜኑን ጨምሮ ደሴቱን በሙሉ ያዞራል። ባሌ ግን ‹እንደ ተማሪ በፊሽካ አልሰለፍም፣ መኪና እንከራይ› ብሎ ድርቅ ብሏል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። እንግሊዝኛዋ ‹ታንክ ዩ› ላይ ያበቃል። ጾም አትሽርም። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው፣ ግሪን ካርድ አላት፤ እኛ የአሜሪካ ዜጎች ነን። ቀብዱ እስከ አርብ ይከፈል፣ አይመለስም ተብያለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ግራ የገባኝ፣ ከቨርጂኒያ

ውድ እህቴ፣

አርብ ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍዪ። የባልና ሚስቱን ክርክር በኋላ እንዳኘዋለን፤ መጀመሪያ የእናትሽን ፓስፖርት እንይ።

አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጆቹ በአሜሪካ ፓስፖርት አየርላንድ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። እናትሽ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ግሪን ካርዱ ወደ አሜሪካ ይመልሳቸዋል እንጂ አየርላንድ አያስገባቸውም። ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት የሸንገን ቪዛ ቢኖራቸው እንኳ አይሠራም ነበር። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፣ ሸንገን ውስጥ ግን የለችም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አሁን ደግሞ ዋናው ጣጣ። ያገኘሽው ጉብኝት ሰሜን አየርላንድ ይገባል። ሰሜኑ የሌላ መንግሥት ነው፤ የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል ነው፣ ገንዘቡም ፓውንድ ነው። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም። መሻገርሽን የምታውቂው የመንገዱ ምልክት ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲቀየር ነው። ኬላ የለም ማለት ግን ቪዛ አይጠየቅም ማለት አይደለም። እናትሽ ለሰሜኑ የእንግሊዝ ቪዛ ሊኖራቸው ይገባል። ከዚያ ወደ ደቡቡ ለመመለስ ደግሞ የአየርላንዱ ቪዛቸው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። እናንተም ብትሆኑ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ በአሜሪካ ፓስፖርት ሰሜኑን ለመርገጥ ኢቲኤ የሚባል ፈቃድ በኢንተርኔት ማውጣት ግድ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ ለጥቂት ቀን ሰሜን ሁለት ማመልከቻ፣ ሁለት ክፍያ፣ ሁለት ጊዜ ልብ መሰቀል።

ስለዚህ ሰሜኑን ተዪው። ጃይንትስ ኮዝዌይ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ያምራል፣ አልዋሽሽም። 40,000 ገደማ የድንጋይ ምሰሶዎች ሰው የጠረባቸው ይመስል ተደርድረው ቆመዋል። ግን እርጥብ ድንጋይ ነው፣ ያንሸራትታል። ለታመመ ጉልበት የሚሆን ቦታ አይደለም።

ቪዛውን ዛሬውኑ አትጠይቂ፤ ከጉዞው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጀምሪ። ሳምንታት ይፈጃል። ቪዛው ሳይመጣ የአውሮፕላን ቲኬት አትግዢ። አስጎብኚ ድርጅቱንም «ቪዛ ብትከለከል ቀብዱ ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። በስልክ «ችግር የለም» የሚል ሰው በኋላ አይገኝም።

ወደ ባለቤትሽ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ግማሽ መንገድ ድረስ ከእሱ ጋር ነኝ። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ከባለቤቴ፣ ከልጄና ከአማቴ ጋር በቡድን ስሄድ እንደ እሱ ነበር ያልኩት። ፊሽካው እውነት ነው። ሻንጣሽን ሌሊት አዘጋጅተሽ ጠዋት ከበር ውጭ ታስቀምጫለሽ። ቁርስ ትበያለሽ። አውቶቡሱ 2 ሰዓት ላይ ይነሳል ከተባለ ይነሳል። ኪላርኒ ከተማ ላይ 45 ደቂቃ ተሰጠን። እኔ የበግ ሱፍ ሹራብ ሳገላብጥ 12 ደቂቃ አረፈድኩ። ተመልሼ ስገባ ሰላሳ ምናምን ሽማግሌ ጸጥ ብሎ ያየኛል። አንዱ ከኋላ አጨበጨበ። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው «የኛ ሰው አላሳፈርሽንም ወይ» አሉኝ። የሐበሻ ሰዓት እዚያ አይሠራም።

መኪናው ግን መፍትሔ አይደለም። በግራ ነው የሚነዳው። አብዛኛው የኪራይ መኪና ማኑዋል ነው፤ አውቶማቲክ ስትይ ዋጋው ይዘላል። ለአምስት ሰውና ለአምስት ሻንጣ ደግሞ ትልቅ መኪና ይፈልጋል፣ የገጠሩ መንገድ ግን ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ፣ በካቡ ላይ ቁጥቋጦ። ሪንግ ኦፍ ኬሪ የሚባለው ዙሪያ 179 ኪሎ ሜትር ነው። ትልልቆቹ አውቶቡሶች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞሩታል። ባለቤትሽ በሌላው አቅጣጫ ቢገባ ጠባብ ኩርባ ላይ ከአውቶቡስ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ወደ ኋላ የሚመለሰው ማን ይመስልሻል? የሚነዳ ሰው ደግሞ አገር አያይም፣ አስፋልት ነው የሚያየው። እናትሽ ከኋላ ሆነው «ኧረ ቀስ!» ሲሉ ሳምንቱ ያልቃል።

ስለዚህ ፍርዴ የቡድን ጉብኝት ነው። ያገኘሽውን ግን አይደለም።

አሁን አንቺ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔን የቆጨኝ ይኼ ነው። የቡድን ጉብኝት ሀብቱ የአስጎብኚው አፍ ነው። ገንዘብ የምትከፍዪው ለአውቶቡሱ ብቻ አይደለም፤ ማይክ ይዞ ቀኑን ሙሉ ለሚያወራው ሰው ነው። አየርላንዶች ደግሞ ወሬ ያውቃሉ። የእኛው አስጎብኚ አንድ ፍርስራሽ ግንብ አይቶ ሃያ ደቂቃ ያወራል። አውቶቡሱ በሳቅ ይናወጣል። አማቴ ክንዴን ይይዙና «ምን አለ?» ይላሉ። ተርጉሜ ሳልጨርስ ሌላ ቀልድ ተጀምሯል። በሹክሹክታ ስቀጥል ከፊት ያለችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ አማቴ መጠየቅ ትተው ተኙ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለን እንቅልፍ ገዛንላቸው።

በሦስተኛው ማታ ዘዴ መጣልኝ። አየርላንድ ውስጥ ሆቴል ክፍል ውስጥ የውኃ ማፍያ አይጠፋም። ሻይ አፈላሁና የነገውን ታሪክ ዛሬ ማታ አወራኋቸው። በማግስቱ አውቶቡሱ ላይ ምንም መተርጎም አላስፈለገኝም፤ የሚያልፉትን ነገር ያውቁታል። አንቺ እንደኔ ሦስት ቀን አታባክኚ። ከአሁኑ ጀምሪ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ አንድ አንድ ታሪክ።

ከቅዱስ ፓትሪክ ጀምሪ። በ16 ዓመቱ ከብሪታንያ በባሕር ወንበዴዎች ተይዞ አየርላንድ ለባርነት የተሸጠ ልጅ ነው። ስድስት ዓመት በግ ጠበቀ። አመለጠ። ከዚያ የሸጡትን ሕዝብ ሊያስተምር ተመልሶ ሄደ። ይኼ በ5ኛው መቶ ዘመን ነው። እናትሽ ሳትጨርሺ «እንደኛው አባ ሰላማ!» ይሉሻል። እውነታቸውን ነው፤ ፍሬምናጦስም ከፓትሪክ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በልጅነቱ ተማርኮ ነው አክሱም የገባው።

ቀጥለሽ ብራናውን። ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የኬልስ መጽሐፍ የሚባል አራቱ ወንጌላት አለ። በ800 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የተጻፈ፣ በጥጃ ቆዳ ላይ፣ በቀለም ያበደ። ፈረንጁ በመስተዋት ውስጥ አንድ ገጽ አይቶ አፉን ይይዛል። አማቴ ጎንበስ ብለው አዩና «ብራናው እንደኛው ነው፣ የፋቂው እጅ ግን ይበልጣል» አሉ። የማን እንደሚበልጥ አልነገሩኝም። የአባ ገሪማ ወንጌል ከዚህ እንደሚቀድም ስነግራቸው ግን ቀና አሉ። ትኬቱን አስቀድመሽ በኢንተርኔት ቁረጪ፣ ሰልፉ አይቻልም።

ግሌንዳሎክ የሚባል ገዳምም አለ፣ ከደብሊን ወደ ደቡብ። በሸለቆ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር። 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ክብ ግንብ ቆሟል፤ በሩ ከመሬት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ማታውን ይኼን አውርቼላቸው ስለነበር አማቴ ግንቡ ሥር ቆመው ሽቅብ አዩና «ገመዱስ የታለ?» አሉኝ። ደብረ ዳሞን ማለታቸው ነው። አስጎብኚው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት። በዚያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ማይኩ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ገዳም ተወራ።

ረሃቡንም አትዝለዪው። ከ1845 እስከ 1852 ድንች በበሽታ አለቀ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተሰደደ። ልጅ አሜሪካ ሊሄድ ሲል በዋዜማው ጎረቤት ተሰብስቦ ሌሊቱን ያድር ነበር። ይበላል፣ ይዘፈናል፣ ይለቀሳል፤ ልክ ሬሳ እንደሚጠበቅ። «የአሜሪካ ለቅሶ» ነበር የሚሉት፣ የሄደ አይመለስማ። ቦሌ ልጅ ሸኝቶ ለተመለሰ ወላጅ ይኼን ማስረዳት አያስፈልግም። የ77ቱን ድርቅ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም እዚያ አሉ። «ከኢትዮጵያ» ስትዪ ዓይናቸው ይለሰልሳል። ላይቭ ኤይድ የተባለውን ለረሃቡ ገንዘብ ያሰባሰበ ኮንሰርት ያዘጋጀው ቦብ ጌልዶፍ የእነሱ አገር ሰው ነው።

ጠበሉን ልረሳው! አየርላንድ የጠበል አገር ነው። ሊስካኖር አጠገብ የቅድስት ብሪጂድ ጠበል አለ፣ ከሞኸር ገደል ብዙም አይርቅም። እንደ ጠባብ ዋሻ ነው። ግድግዳው በፎቶ፣ በመቁጠሪያና በስእለት ወረቀት ተሸፍኗል፤ መጨረሻው ላይ ውኃው ይወርዳል። አውቶቡሱ አይቆምም፤ እኛ ነጻ በሆንበት ከሰዓት በታክሲ ነው የሄድነው። አማቴ ተሳለሙ፣ ፊታቸውን ታበሱ፣ ከቦርሳቸው ባዶ ሃይላንድ አወጡና ሞሉ። ቤት እስኪገባ ድረስ ሻንጣ ውስጥ በሦስት ላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ዝነኛውን ገደል ግን ጭጋግ ሸፍኖት 214 ሜትሩን ሳናይ ተመለስን። ንፋሱ ጃንጥላ ይገለብጣል፣ ዣንጥላ አትያዢ፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ያዢ። ባጭሩ ለአዲስ አበባ ሐምሌ የምትለብሺውን።

ጾሙ ላይ ቀን ከመረጥሽ ግማሹ ችግር ይቀላል። በ2027 ፋሲካ ሜይ 2 ነው። በዓለ ሃምሳ ጁን 20 ላይ ያበቃል፣ እስከዚያ ረቡዕና አርብም አይጾምም። በማግስቱ የሐዋርያት ጾም ይገባና እስከ ጁላይ 12 ይሄዳል። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። የልጆቹ ትምህርት በጊዜ ከተዘጋ ከጁን 20 በፊት ያለውን ሳምንት ያዢ፤ በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ካልተዘጋ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ያለው ሁለተኛ ምርጫሽ ነው።

ቁርስ ላይ ተጠንቀቂ። የአየርላንድ ቁርስ የሚባለው ሳህን ቤከንና ቋሊማ ነው፤ አሳማ በአሳማ። አጠገቡ ጥቁር ክብ ነገር ይቀመጣል፣ ብላክ ፑዲንግ ይሉታል። አማቴ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ ጥቁር ዳቦ ነው?» ብለው ሹካ ሰኩበት። የአሳማ ደም ነው። በሩጫ ነው የደረስኩት። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን በአጃ ገንፎ፣ በቡናማው ዳቦና በእንቁላል ጨረሱ፣ ወደዱትም። ሻያቸው ጠንካራ ነው፣ እናትሽ አይከፋቸውም። ከቤት በሶና ቆሎ ያዢላቸው፣ ሚጥሚጣም። ቋንጣና ቅቤ ግን አትሞክሪ፤ ከአሜሪካ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው።

ስለ ልጆቹ ብዙ አልልም። ድርጅቱን ዝቅተኛው ዕድሜ ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ 9 ዓመት ልጅ የማይቀበሉ አሉ። ትንሹ በግና ውሻ ካየ ይበቃዋል። ለትልቋ ሥራ ስጫት፤ አንድ ሁለት ታሪክ እሷ አጥንታ ለአያቷ ታውራ። አማርኛዋ ቢሰባበርም ይጠገናል። የእንግዶቹ አብዛኛው ጡረተኛ ስለሚሆን እኩያ አታገኝም፣ ይኼን አስቀድመሽ ንገሪያት። አልጋውን በተመለከተ፣ ዋጋው ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ የሚባለው ነው። እናትሽ ለብቻቸው ካደሩ ተጨማሪ ይከፈላል። አያትና ልጅ አንድ ክፍል፣ እናንተ ከትንሹ ጋር የሦስት ሰው ክፍል።

እንግዲህ የምትፈልጊው ይኼን ነው፦ ሰባት ወይም ስምንት ቀን፣ ደቡቡንና ምዕራቡን ብቻ፣ በአንድ ሆቴል ቢያንስ ሁለት ሌሊት የሚያሳድር። 12 ቀን በየማታው ሻንጣ መፍታት ለእናትሽ ጉልበት ቅጣት ነው። ሆቴሎቹ ሁሉ ሊፍት እንዳላቸው ጠይቂ፤ አሮጌዎቹ ላይኖራቸው ይችላል። እራት ስንት ቀን እንደተካተተ፣ የመግቢያ ትኬትና የሹፌሩ ጉርሻ በማን እንደሆነም ጠይቂ፤ ርካሽ የመሰለው ዋጋ እዚያ ነው የሚያብጠው።

ከዚያ ቡድኑ ሲበተን ለባለቤትሽ ሦስት ቀን ስጪው። ያለ ፊሽካ፣ ያለ መሪም። ከደብሊን ኮርክ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከኮርክ ኮቭ የምትባለው ወደብ 25 ደቂቃ ያህል። ታይታኒክ ኤፕሪል 11፣ 1912 ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የጫነው ከዚያ ነው። ሚሊዮኖች ወደ አሜሪካ የተሳፈሩትም ከዚያው ነው። አኒ ሙር የተባለች ልጅ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር በነሐስ ቆማለች፤ ጃንዋሪ 1፣ 1892 ኤሊስ ደሴት ሲከፈት የመጀመሪያዋ ገቢ እሷ ነበረች። የሯጯ የሶንያ ኦሳሊቫን ሐውልትም እዚያ አለ። በሲድኒ 2000፣ 5,000 ሜትር፣ ሶንያ ብር ስትወስድ ነሐሱን የወሰደችው ጌጤ ዋሚ ናት። ባለቤትሽ ሩጫ የሚወድ ከሆነ ይኼን ብቻ ንገሪው፣ ይመጣል።

ስትመለሱ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደብሊን ኤርፖርት ውስጥ ነው የሚያልቀው። የእናትሽ ግሪን ካርድ እጃቸው ላይ ይሁን፣ ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ከእናንተው ዳለስ ኤርፖርት ደብሊን ቀጥታ በረራ አለ፣ በሎንዶን አትዙሪ። ሌሊት ተነስቶ ጠዋት ያርፋል። ወንበር ስትመርጪ ለእናትሽ የመስኮቱን ያዢላቸው፣ ክንፉ እንዳይከልላቸው ከክንፉ ቀድሞ ያለውን ረድፍ።